ሕፃን የሣለው ሥዕል የማን ነው?

በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በከተሞቻችን የሚታየውን አንድ ልማድ እናስታውስ። ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው እየዘፈኑ ሲዞሩ፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ በዋዜማው በቀለም እርሳስ የሣሏቸውን አበባዎች፣ ፀሐዮችና መላእክት ይዘው የየጎረቤቱን በር ያንኳኳሉ። «እንኳን አደረሰዎ» ብለው ሥዕሉን ይሰጣሉ፤ ጥቂት ሳንቲም ወይም ብር ተቀብለው ይመለሳሉ። የቤቱ ጌታ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ይለጥፈው ወይም ማታውኑ ይጣለው ይሆናል፤ ልጁ ግን ምን እንደ ሰጠ ያውቃል፤ ለማን እንደ ሰጠና በምትኩ ምን እንደ ተቀበለም ያውቃል። በራሱ እግር ሄዶ በራሱ እጅ የሰጠው ነውና።

እንግዲህ ያ ሥዕል ለአንድ ጎረቤት መሰጠቱ ቀርቶ በሺህ ቅጂ ቢታተም፣ በእንኳን አደረሳችሁ ካርድ፣ በቀን መቁጠሪያ ወይም በካናቴራ ላይ ሆኖ ቢሸጥስ? ልጁ በር ላይ ቆሞ የሰጠው ይህንንም ጭምር ነውን?

ጥያቄው ለአንዳንድ አንባብያን ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ብሂላችን የሕፃን ሥራ ከቁም ነገር እንዳይቆጠር አስተምሮናል፤ ሕፃን የጫጫረውን ወረቀትም ንብረት ብለን ለመጥራት አፋችን አይፈታም። ይሁን እንጂ ልጁ ያቦካው ለእራት የማይበቃ ከሆነ እኛ ጋግረን ለገበያ ማቅረባችን ከየት የመጣ ነው? እንጀራው ተሽጦ ገንዘብ ካስገኘ ብሂሉ እዚያ ላይ ዋጋውን አጥቷል። ነገሩን ከሩቅ ከምተነትን ይልቅ እኔ ራሴ ተካፋይ ከነበርኩበት ጥፋት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ችግረኛ ተማሪዎችን ለመርዳት በተቋቋመ አንድ አነስተኛ ኮሚቴ ውስጥ አገለግል ነበር። ከመካነ ሰላም ወጣ ባለ ደጋ የሚያስተምር አንድ ወዳጃችን፣ ተማሪዎቹ የሣሏቸውን ሥዕሎች በፖስታ አሽጎ በአቀስታ በኩል ወደ ደሴ በሚመጣ አውቶቡስ ላከልን። የላከልን እንድናያቸው ነበር እንጂ እንድናሳትማቸው አልነበረም፤ ይህን ልዩነት ያን ጊዜ አላስተዋልነውም። ከሥዕሎቹ መካከል ጭላዳዎች በገደል አፋፍ ተሰልፈው የሚታዩበት ነበር፤ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ በሆነው በደንቆሮ ጫካ አካባቢ ያደጉ ልጆች ጭላዳን ከከተማ ሠዓሊ ይልቅ አስተካክለው እንደሚሥሉ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። በገብስ አውድማ ላይ በሬዎች የሚዞሩበትም ነበር። እኛ የመረጥነው ግን ዐሥር ዓመት ገደማ የሆናት አንዲት ልጅ የሣለችውን ነው፤ የሣር ክዳን ቤት፣ ከቤቱ ፊት በመስመር የቆሙ ቤተ ሰቦች፣ በስተ ቀኝ በኩል ደግሞ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ መንገድ። ለአዲስ ዓመት ካርድ አድርገን አሳተምነው፤ ተሸጠ። በገንዘቡም ደብተርና እርሳስ ተገዝቶ ወደዚያው ትምህርት ቤት ተላከ። ልጅቱም እንደ ጓደኞቿ ድርሻዋን አገኘች።

ከወራት በኋላ ለጉብኝት ወደዚያ ስንሄድ ካርዱን በኩራት አሳየናት። ገልበጥ እያደረገች ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያም አንገቷን ደፍታ መምህሯን በሹክሹክታ «እቴቴን የት አደረጓት?» ስትል ጠየቀች።

በሥዕሉ ቀኝ ዳር፣ መንገዱ ላይ፣ ሻንጣ የያዘች አንዲት ትንሽ ሴት ተሥላ ነበር። ወደ ዐረብ አገር የሄደችው ታላቅ እህቷ ናት። ማተሚያ ቤቱ ሥዕሉን ከካርዱ መጠን ጋር ለማስማማት ከዳሩ ሁለት ጣት ያህል ቆርጦ ኖሯል፤ እኛም የመጀመሪያውን ናሙና ስንመለከት ምንም ነገር የጎደለ አልመሰለንም። ለካ ተቆርጦ የተጣለው ልጅቱ ሥዕሉን የሣለችበት ምክንያት ነበር።

አባቷ በሥፍራው ነበሩ። ይቅርታ ስንጠይቃቸው፣ «ኧረ ምን ቸገረ! ለእኛ ልጅ ጭረት ይህን ያህል ክብር ከሰጣችሁት እኛ ምን እንላለን?» አሉን። ደግ መልስ ነው፤ የወሎ ሰው እንግዳውን ማሳፈር አይወድም። ሆኖም ያ መልስ ፈቃድ ነበርን?

የአገራችን ሕግ በዚህ ረገድ ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ግልጽ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለአንድ ሥራ ጥበቃ የሚሰጠው፣ ሥራው ወጥ ሆኖ በወረቀት ወይም በሌላ ነገር ላይ መስፈሩን አይቶ ነው እንጂ ጥራቱን መዝኖ፣ የተሠራበትን ዓላማ መርምሮ ወይም በመዝገብ መግባቱን ጠይቆ አይደለም። የሠዓሊው ዕድሜም ከመመዘኛዎቹ ውስጥ የለም። በመሆኑም የዐሥር ዓመት ልጅ በደብተሯ ላይ የሣለችው ሥዕል ሥላ ከጨረሰችበት ደቂቃ ጀምሮ የእርሷ ነው። ጥበቃውም ሠዓሊዋ በሕይወት በምትኖርበት ዘመን ሁሉና ከዚያም በኋላ ለ50 ዓመት የሚጸና ነው። ነገሩን ላሰላው ሰው ፈገግ ያሰኛል፤ ዕድሜ ይስጣትና ያች ልጅ ሰማንያ ዓመት ብትኖር ሥዕሏ 120 ዓመት ይጠበቃል ማለት ነውና፣ ስመ ጥር የሆነ አዛውንት ሠዓሊ ዛሬ ከሚሥለው ሸራ ይልቅ የእርሷ ወረቀት ረዘም ያለ ዘመን ተቆርጦለታል።

አዋጁ ሁለት ዓይነት መብቶችን ለይቶ ያስቀምጣል። አንደኛው የኢኮኖሚ መብት ነው፤ ይኸውም ሥራውን የማባዛት፣ የማሠራጨትና የመሸጥ፣ ወይም ሌላው ሰው ይህን እንዲያደርግ የመፍቀድ መብት ነው። ለሌላ ሲተላለፍም በጽሑፍ መሆን አለበት። ወረቀቱን መግዛት ወይም በስጦታ መቀበል የማባዛት መብቱን አያስከትልም፤ የእንቁጣጣሹን ሥዕል የተቀበለው ጎረቤት ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ይችላል፣ አሳትሞ ሊሸጠው ግን አይችልም። ሁለተኛው የሞራል መብት ይባላል። ሥራው የእኔ መሆኑ ይታወቅልኝ፣ ስሜ ይጻፍ ወይም አይጻፍ፣ ክብሬን በሚነካ መንገድ አይቆረጥብኝ፣ አይጣመምብኝ የማለት መብት ነው። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች በዐይነ ኅሊናቸው የነበሩት ስም ያላቸው ደራስያንና ሠዓልያን ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ እገምታለሁ፤ ነገር ግን «እቴቴን የት አደረጓት?» የሚለው ጥያቄ ከዚሁ መብት የወጣ ነው።

ልጅ ራሱ ውል ሊፈርም አይችልም። ዐሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሰው ለአካለ መጠን እንዳልደረሰ ይቆጠራል፤ በክልላችን የሚሠራበት የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995ም ሆነ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የልጁን አሳዳሪነትና ሞግዚትነት በቅድሚያ ለአባትና ለእናት ይሰጣል። ስለዚህ የሚፈርሙት እነርሱ ናቸው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሞግዚት የልጁን ንብረት የሚያስተዳድረው ለልጁ ጥቅም ነው፤ ባለአደራ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። ይህን ለመረዳት ጠበቃ መጠየቅ አያስፈልግም። አባት በሬውን ቢያከራይ የራሱን ነው ያከራየው፤ አያት ለልጅ ልጇ የሰጠቻትን ጥጃ ቢሸጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጥጃይቱ የልጁ መሆኗን መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ በችግር ምክንያት ብትሸጥ እንኳ «የልጁን ተኩለት» ይባላል። ሥዕሉ ከጥጃይቱ በምን ያንሳል?

ከዚህም አልፎ ሥዕል ከጥጃ የሚለይበት ነገር አለው። የጥጃን መልክ ባየዋ ሁሉ ያውቀዋል፤ በሥዕል ውስጥ ያለውን ግን የሣለው ብቻ የሚያውቅበት ጊዜ አለ። እኛ በዚያ ወረቀት ላይ መንገድ አየን፤ ልጅቱ ያየችው የሄደችውን እህቷን ነው። ወላጆቿን ጠይቀን፣ አስፈርመን፣ ሕጉ የሚለውን ሁሉ ፈጽመን ቢሆን ኖሮም እርሷን እስካልጠየቅናት ድረስ ያንኑ ሁለት ጣት መቁረጣችን አይቀርም ነበር። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ12ኛው አንቀጹ፣ የራሱን አሳብ ለመመሥረት የሚችል ሕፃን በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ አሳቡን እንዲገልጥ፣ አሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት እንዲሰጠው ይጠይቃል። ከዚያ ቀን በፊት ይህን አንቀጽ ሳነብ ለልጆች የተደረገ የአክብሮት ንግግር ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ስለ እውነት የተነገረ ሆኖ ይታየኛል፤ ልጁን ያልጠየቀ ሰው የያዘው ነገር ምን እንደ ሆነ እንኳ አያውቅምና።

ወደ አባትየው መልስ ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1682ኛው አንቀጹ ዝም ማለት ብቻውን እሺ ማለት እንዳልሆነ ይናገራል። አባትየው ግን ዝም አላሉም፤ ተናገሩ። ችግሩ እምቢ ለማለት የሚያስችል ቦታ ያልነበራቸው መሆኑ ነው። ካርዱ አስቀድሞ ታትሟል፤ ተሽጧልም። ልጃቸው ደብተር ተቀብላለች፤ በመጪው ዓመትም ሌላ ደብተር ይመጣ ይሆናል የሚል ተስፋ አለ። በዚህ ሁኔታ ማን ደፍሮ እምቢ ይላል? ሰጪና ተቀባይ ፊት ለፊት ሲቆሙ ተቀባዩ የሚናገረው እሺታ ከምስጋናው ተለይቶ አይታወቅም። ስለሆነም ፈቃድ ሲጠይቅ ከነጋዴው ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት ረጂው ነው። ነጋዴ ቢጠይቀው ያ ገበሬ በዋጋ ይከራከረው ነበር፤ ከእኛ ጋር ግን ምን ብሎ ይከራከር? ርዳታው አስቀድሞ ተሰጥቶ፣ ጥያቄውም ከርዳታው ተለይቶ፣ «ባትፈቅዱልንም ደብተሩ አይቀርም» የሚለው ቃል በግልጽ ካልተነገረ፣ የሚገኘው ፊርማ ማኅደር ይሞላ እንደ ሆነ እንጂ ኅሊናን አያሳርፍም።

«ለበጎ ሥራ እኮ ነው!» የሚል ድምፅ እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም፤ በኮሚቴያችንም ተነሥቷል። ወሎ ይህን ቃል በከባድ መልኩ ታውቀዋለች። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኀብ ያዘጋጀው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታይቶ ብዙ ልብ ነካ፤ ብዙ ርዳታም አስገኘ። ያው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ተቀናጅቶ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ፤ የእንቁጣጣሽ ዕለት መሆኑ ነው፤ በማግሥቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከኮረም የተነሡ ምስሎች ዓለምን ዞሩ። በእነዚያ ምስሎች ላይ የሚታዩትን ሕፃናት ፊት ብዙ ሚሊዮን ሰው አየው፤ ስማቸውን ግን ማን ያውቃል? የፍትሐ ብሔር ሕጉ 27ኛ አንቀጽ የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ የከለከለው ከዚያ ሁሉ አስቀድሞ ነበር፤ ሕዝብን ለሚመለከቱ ታላላቅ ጉዳዮች ግን በሚቀጥለው አንቀጽ በር ትቷል። እነዚያ ምስሎች ባይነሡ ይሻል ነበር ለማለት እኔ አልደፍርም፤ በተሰበሰበው እህል ከሞት የተረፉ ሰዎች ዛሬ በመካከላችን አሉ። ነገር ግን ያ የሞት አፋፍ ነበር። የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ የሞት አፋፍ አይደለም፤ ልጅን ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ቢባክን የሚራብ የለም። የእነዚያ ሕፃናት የልጅ ልጆች ዛሬ እርሳሱን በራሳቸው እጅ ይዘው የሚሥሉ ሆነው ሳለ፣ እኛ አሁንም እንደ ያኔው ሳንጠይቅ መውሰዳችን ነው የሚያሳፍረው።

ከውጭው ዓለም አንድ ምሳሌ ልጨምር። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ እ.አ.አ. በ1949 ያወጣው የመጀመሪያው የሰላምታ ካርድ ይትካ ሳምኮቫ የተባለች የሰባት ዓመት የቼኮስሎቫኪያ ልጅ የሣለችው ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለመንደሯ ለተደረገው ርዳታ ምስጋና እንዲሆን የላከችው ሥዕል ሲሆን፣ ወረቀት ስላልነበረ የሣለችው በመስተዋት ላይ ነበር። እርሷም እንደ እኛይቱ ልጅ ተቀባይ ነበረች። ሆኖም ስሟ አልጠፋም፤ የካርዱ ታሪክ ሲነገር አብሮ ይነገራል። በእኛ ካርድ ጀርባ የነበረው ግን የኮሚቴው ስምና የማተሚያ ቤቱ ስልክ ነው።

ይህን ሁሉ ያወራሁት አንድ የተማረ ወዳጄ ጥሩ ተቃውሞ አነሣብኝ። «የአገራችን የጥንት ሠዓልያን ስማቸውን አይጽፉም፤ በሥዕሉ ግርጌ ተንበርክኮ የምታየው ያሣለው ባለጸጋ ነው። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው የፍሬ ጽዮን ስም እስከ ዛሬ መቆየቱ እንደ ብርቅ የሚነገረው ስለዚህ ነው። ቅኔ ቤት እንኳ ቅኔ መፍጠርን ‹ዘረፋ› ይለዋል። ታዲያ ይህ ስሜ፣ መብቴ፣ ድርሻዬ የሚባል ነገር ከባሕር ማዶ የመጣ ትምህርት አይደለምን?» አለኝ። ለጊዜው መልስ አጣሁ። ቆይቼ ሳስበው ግን ያ የጥንት ሠዓሊ ስሙን ራሱ ተወው እንጂ ሌላ አልተወበትም። የራስን መተው ትሕትና ነው፤ የሌላውን ለመተው ትሕትና አያስፈልግም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉንም የባሕር ማዶ መምህራን አይደሉም።

በየቁምስናው ሕፃናትን የምታስተምሩ ካቴኪስቶች ይህ ነገር ከሌላው ይልቅ ይቀርባችኋል። ልጆቹ ይሥላሉ፤ እናንተም በግድግዳ ትለጥፋላችሁ፤ በዚህ ማንም አይጎዳም። ነገሩ የሚለወጠው አንዱ ሥዕል አምሮ «ይህን እንኳ አሳትመን ብንሸጠው» የተባለ ዕለት ነው። ሰባተኛውን ትእዛዝ ስናስተምር ምሳሌ የምናደርገው ዶሮና ሳንቲም ነው፤ ያን ዕለት ግን ፈተናው ወደ እኛው ይዞራል። የፈቃዱ ወረቀት ረጅም መሆን የለበትም። የትኛው ሥዕል፣ በምን ላይ፣ በስንት ቅጂ፣ እስከ መቼ እንደሚታተምና ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ቢናገር ይበቃል፤ ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ፣ አንዱንም ቅጂ ቤታቸው መተው ይገባል። ስም መጻፉ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የሠዓሊው ስም ይጻፍ ማለት የልጅን ሙሉ ስም ከነመንደሩ ለማያውቀው ሰው ሁሉ መስጠት አይደለም፤ የመጀመሪያ ስምና ዕድሜ ክብሩንም ደኅንነቱንም ይጠብቃል። ከሽያጩ ለልጁ ድርሻ ቢቀመጥለት፣ ለምሳሌ በስሙ የቁጠባ ደብተር ቢከፈትለት፣ ልጅን ገንዘብ ያስለምዳል የሚሉ አሉ። በእንቁጣጣሽ ሳንቲም የተበላሸ ልጅ እስካሁን አላየሁም። ከሁሉ ይልቅ ግን ከመታተሙ በፊት ናሙናውን ለልጁ አሳዩት፤ የተቆረጠውን የሚያውቀው እርሱ ነው። ዋናውንም ወረቀት መልሱለት።

እኛ ይህን ያላደረግን መሆናችን ከሦስት ዓመት በኋላ ታወቀን። ያን ካርድ እንደገና ለማሳተም አሰብን፤ በዚህ ጊዜ ግን አስቀድመን ወረቀታችንን ይዘን ወደ ደጋው ወጣን። አባትና እናት ፈቀዱ። ልጅቱ ዐሥራ ሦስት ዓመት አልፏት ነበር፤ ሁለት ቀን አስባ «እቴቴ ከተመለሰችበት ይሁን» አለች። ወደ ደሴ ተመልሰን ዋናውን ሥዕል ከማተሚያ ቤቱ ብንጠይቅ አልተገኘም። እንደገና ሄደን «እባክሽ ሌላ ሣዪልን» ብንላት ካርዱን ተቀብላ አየችውና «አሁን እንዲያ አድርጌ መሣል አልችልም» አለች። አባቷ ሊቆጧት ሲሉ ሰብሳቢያችን «ይተዉ አባቴ፣ ልጅቱ መልሷን ሰጥታለች» አላቸው። በዚያ ዓመት ካርዱ ያለ ሥዕል ታተመ።